ከሐይቁ ውኃ ባክቴሪያ ገዳይ ቫይረስ ስላወጡት ወ/ሮ ጥሩሸዋ ወዳጆ ዕረፍትና በማኅደራቸው ስላለው ማስጠንቀቂያ

በወ/ሮ ጥሩሸዋ ማኅደር ውስጥ ያለው ማስጠንቀቂያ የተጻፈው በእኔ ጥፋት ነው። የማኅበሩ ጸሐፊና የላቦራቶሪው ንብረት ክፍል ሠራተኛ ፋንታሁን ኪዳነ ይህን ስድስት ዓመት ደብቄ ኖሬአለሁ። ሊቀ መንበራችን አቶ ታዲዮስ ረቂቁን አይተው «ጋሼ ፋንታሁን፣ የሀዘን መግለጫ ይጻፉ አልን እንጂ ንስሐ ይግቡ አልን እንዴ?» ብለውኛል። ሁለቱን መለየት አቃተኝ፤ እንዲሁ ይውጣ።

የደጋው ጤና ላቦራቶሪ ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር፣ ባለሙያችን ወ/ሮ ጥሩሸዋ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በማረፋቸው መሪር ሀዘን ተሰምቶታል።

በ2010 ዓ.ም. ከኪዳነ ምሕረት በታች ካለው ሐይቅ ውኃ ቀድተው፣ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጥልለው፣ የተቅማጥ ባክቴሪያ ባደገበት ሳህን ላይ ጠብ አደረጉ። በማግሥቱ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ሁሉ ጠርቶ ተገኘ። ባክቴሪያውን የሚገድል ቫይረስ ነበር፤ መድኃኒት ለተላመደ ተቅማጥ ተስፋ አደረጉበት።

በ2011 ዓ.ም. ገምጋሚዎች ሥራው በፊታቸው እንዲደገም አዘዙ። ውኃው በሃይላንድ ተቀድቶ ፍሪጅ ገባ። ሐይቁ ለእኛ ጸበል ነው። ባለቤቴ አደይ ታማ ነበርና፣ ለጀርም ምርመራ ከሚደፋ ለበሽተኛ ይድረስ ብዬ ወሰድኩት፤ ሃይላንዱን ከቧንቧ ሞልቼ መለስኩት። ሳህኑ ላይ አንድም የጠራ ነጥብ አልታየም። ገምጋሚዎቹ የፊተኛውን ውጤት የጥንቃቄ ጉድለት ነው ብለው ማስጠንቀቂያ ጻፉባቸው። አደይም አልዳነችልኝ። በየጾሙ እናገራለሁ እላለሁ፣ በየፍስኩ እተወዋለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ!

ወ/ሮ ጥሩሸዋ ከ2012 እስከ 2014 ዓ.ም. በየወሩ ወደ ሐይቁ ቁልቁለቱን እየወረዱ ውኃ ቀድተው ቫይረሱን እንደገና አወጡ። የትኞቹን ባክቴሪያዎች እንደሚገድል፣ ምን ያህል ሙቀት እንደሚችል ለዩ። መብራት እየጠፋ ሦስት ጊዜ ከዜሮ ጀምረዋል። «ጋሼ፣ ቫይረሱ ከመብራቱ ይሻላል፤ ሲፈልጉት ይገኛል» ይሉኝ ነበር። እኔም እስቃለሁ!

በ2015 ዓ.ም. ውጤታቸው በሌላ ላቦራቶሪ ተረጋገጠ። ማስጠንቀቂያው ግን አልተነሣም፤ በእሱ ሰበብ የደረጃ ዕድገት ሁለት ጊዜ ተከለከሉ። አራት ጊዜ አመለከቱ፤ አራቱንም ማመልከቻ መዝገብ ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ። መልሱ ሁልጊዜ «ሁለተኛው ሙከራ የከሸፈበት ምክንያት ሳይታወቅ አይነሣም» ነው። ምክንያቱን የማውቀው ሰው ወረቀቱን አስፈርሜ እመለሳለሁ።

ለልጃቸው ለሲና፣ በትውልድ ከተማቸው በዘመሮ ላሉት ቤተሰቦቻቸውና ለባልደረቦቻቸው እግዚአብሔር መጽናናቱን እንዲሰጥልን ማኅበሩ ይለምናል። የእኔን ይቅርታ ግን ማኅበሩ አይጠይቅልኝም። ሐምሌ 8 ቀን ጠዋት ጥፋቴን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ማስጠንቀቂያው እንዲሰረዝ ለኃላፊው ሰጠሁ። ከሰዓት በኋላ ዘመሮ ወደ ለቅሶ ቤቱ ሄድኩ፤ ድንኳኑ ውስጥ በለቀስተኛው ፊት ቆሜ ግልባጩን ለሲና አነበብኩላት።