በአረንጓዴው ቀለም ላይ ስላደረስኩት ጭረት

ለተከበሩ የተሽከርካሪዎች ጥገና ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ወገብዎ ደህና እንደሆነ እገምታለሁ፤ ወደ ሞተር ሳይክል ጎንበስ ሲሉ ያየዎት ሰው ስለሌለ የሚጎዳበት ምክንያት አይታየኝም።

እኔ ከጤና ጣቢያው የደም ናሙና ወደ ላቦራቶሪ የማመላልስ ሴት ነኝ። ስሜን ባያውቁት አልቀየምም፤ በላኩልኝ ማስጠንቀቂያ ላይም «ሾፌሯ» ብለው ነው ያለፉኝ። በዚያው ማስጠንቀቂያ የመንግሥትን ንብረት በመቧጨር ተከስሼ ሐሙስ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንድቀርብ፣ እስከዚያም ከሥራ እንድታገድ አዘዋል፤ ሞተር ሳይክሏንም ለሌላ ሾፌር ሰጥተዋል። ጉዳዩ የብዙ ሰው ደም ስለሆነ መልሴን በፖስታ አሽጌ ለእርስዎ ብቻ መላክ አልወደድኩም። ሁሉም እንዲያነበው በግልጽ ጽፌዋለሁ።

በቅድሚያ ስለ ቀለሙ ላመስግንዎ። የሞተር ሳይክሏ ሞተር እያጨሰ ስላስቸገረ ወርዶ ነበር፤ መካኒኮችዎም አዲስ ፒስተንና ፋሻ፣ ማለትም የፒስተን ቀለበት፣ ገጥመው በደንብ ሠርተውታል። በዚያው ሰሞን የበላይ አካላት ለጉብኝት እንደሚመጡ ሲሰማ፣ በግቢው ውስጥ የማይንቀሳቀሰው ሁሉ አረንጓዴ እንዲቀባ፣ የሚንቀሳቀሰውም ቆሞ እንዲቀባ አዘዙ። በሞተር ሳይክሏም ላይ የባትሪው ማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ የሚመለስበት ገመድ፣ የሚታሰርበት ብረት ሳይቀር ተቀባ። ከእንግዶቹ አንዱ «እንዲህ ነው እንጂ ጋራዥ» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። በቦታው ተገኝቼ አላጨበጨብኩም፤ አልነሣ ያለችውን ሞተር ሳይክል እየገፋሁ ነበር።

ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ሞተር ሳይክሏ ከጥገና ከተመለሰች ወዲህ ማስነሻውን ስጫን ሞተሩ ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሹም ግማሽ ዙር ይገላበጥና መልሶ ይተኛል። በእግር የሚረገጥ ማስነሻ ስለሌላት ወደ ክፍልዎ አመጣኋት። እርስዎም ከመስኮትዎ ሳይነሱ የባትሪ ችግር ነው ሲሉ ፈረዱ። አዲስ ባትሪ ተገጠመ፤ ያው ሆነ። ዘይቱ ወፍሯል አሉ፤ ቀጭን ዘይት ተሞላ፤ ያው ሆነ። ቀጥሎም አዲሱ ፋሻ ገና ስለሚይዝ ነው፣ ሞተሩ ሮዳጅ፣ ማለትም ማለማመጃ፣ ላይ ነው፣ ሲሠራ ይለቃል አሉ። ታማሚውን ሳይነኩ ይህን ያህል በሽታ ማወቅ ትልቅ ጸጋ ነው። ለሐኪሞቻችንም ቢያስተምሩልን ደስ ባለን፤ እነሱ ገና ደም በመቅዳት ነው የሚደክሙት።

፪. እስኪለቅ ድረስ የጤና ጣቢያው ዘበኛና በር ላይ አትክልት የምትሸጠው ሴት በየማለዳው ይገፉኝ ነበር። ዘበኛው «እቴ፣ አንዳንዴ እንኳ እኔ ልቀመጥና አንቺ ግፊ እንጂ» እያለ ይቀልዳል። አንድ ቀን ግን ዘንቦ ግቢው ጨቀየ፤ ጎማው ተንሸራተተ፤ መግፋቱም አልሆነም። ሌላ መኪና እስኪገኝ በናሙና ሳጥኑ ውስጥ የነበረው በረዶ ቀለጠ፤ የአንድ አራስ ሕፃን ናሙናም ተበላሸ። በማግስቱ እናትየው ተጠርታ መጣች። «ትናንት ወስዳችሁ አልነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀች። የልጇን እግር ከመጠቅለያው አውጥታ ያዘችልን፤ ተረከዙ እንደገና ተወጋ። ይህን የምጽፈው ላሳዝንዎ ብዬ አይደለም። ሕፃኑ አረንጓዴ ስላልተቀባ የእርስዎን ክፍል እንደማይመለከት አውቃለሁ።

፫. ይህንኑ ልነግርዎ ብመጣ በሾፌሮቹ ፊት «ሴትዮዋ አውራ ጣቷ አቅም የለውም፤ ከሰኞ ጀምሮ ወንድ ይያዛት» አሉ። ማስነሻው እኮ የበር ደወል መጫን የቻለ ሁሉ የሚጫነው ቁልፍ ነው። ስለ ጣቴ በማሰብዎ አመሰግናለሁ። ከዚህ በፊት ቅሬታ ቀርቦበት አያውቅም።

፬. ወደ ወንጀሌ ልምጣ። ስለ ሞተር የማውቀው በየጋራዡ ደጃፍ ቆሜ ከሰማሁትና ዕቃ ተጠቅልሎበት ከመጣ ወረቀት የለቃቀምኩትን ነው፤ ስለዚህ የግኝቱን ክብር ለራሴ አልወስድም። አንድ ቀን ደጋግሜ ስጫን የፍሪሲዮኑ፣ ማለትም ማርሽ ሲቀየር በግራ እጅ የሚጨበጠው፣ ገመድ እጄን አቃጠለኝ። ይህን ለአንድ መካኒክዎ ብነግረው፣ ወደ መስኮትዎ እያየ «እትዬ፣ ማሳው እኮ ቀለም ላይ ነው የታሰረው። ኤሌክትሪኩ መመለሻ አጥቶ በፍሪሲዮን ገመድ እየዞረ ነው። ግን ቀለሙን የነካ ወዮለት ተብለናል፤ እኔ አልነገርኩሽም» አለኝ። የትኛው መካኒክ እንደሆነ በመፈለግ እንዳይደክሙ፣ ሁሉም ያውቁ ነበር። ያላወቁት እርስዎና እንግዶችዎ ብቻ ናችሁ።

ስለዚህ ርክክቡ ሳይደርስ፣ እሑድ በጤና ጣቢያው ግቢ ብሎኑን ፈታሁ፤ ጥፍር የምታህል ቦታ ብረቱ ነጭ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ፤ መልሼም አሰርኩ። ደካማ ጣቴን አሳረፍኩ። ሞተሩ ሳይለመን ተነሣ። በማግስቱ ወንዱ ሾፌር ሲረከባት በአንድ ንክኪ ስለተነሣችለት፣ እርስዎ በጻፉት ማስጠንቀቂያ ላይ ይህ የጣት ጥንካሬ ማረጋገጫ ሆኖ ተመዘገበ። ከሥሩ ባለው መስመር ደግሞ እኔ ያለ ፈቃድ በመፋቄ ተከሰስኩ። እነዚህ ሁለት መስመሮች በአንድ ገጽ ላይ ሳይጣሉ መኖራቸው የሰላም ወዳድነትዎ ምልክት ነው።

ከኮሚቴው የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የፋቅሁት ቦታ ሐሙስ ዕለት በፊታችሁ ይቀባ፤ ቀለሙ ሲደርቅ ማሳው ይታሰርበት፤ ከዚያ የፈለጋችሁት ወንድ፣ ክቡርነትዎም ጭምር፣ ይጫን። ሞተሩ እንደ ጤነኛ ዞሮ ከተነሣ ሥራዬን በገዛ እጄ አስረክባለሁ። ካልተነሣ ሞተር ሳይክሏን መልሱልኝ፤ ቀለሙን እርስዎ ይዘው ይቅሩ።

ከሩቅ ሲታይ ለሚያምር ነገር ሁሉ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ግቢዎ እንዳብረቀረቀ፣ መስኮትዎ እንደተወለወለ እንዲኖር፣ እንግዶችዎም ቁልፍ ሳይጫኑ እንደተደሰቱ እንዲሄዱ እመኛለሁ።

ከሥራዋ የታገደችው የናሙና አመላላሽ

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ነገር አስቀርቻለሁ። አዲሱ ሾፌር ትናንት ቤቴ መጥቶ ነበር። የሌሎቹ ሾፌሮች ሞተር ሳይክሎችም በዚያው ሰሞን ስለተቀቡ እስካሁን እያስገፉ እንደሚነሡ፣ ጣታቸው ደካማ ነው እንዳይባሉ ብለው ግን ዝም እንዳሉ አጫወተኝ። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቴን ተውሶ ሄደ። ዛሬ ጠዋት አልቆ፣ አረንጓዴ ሆኖ ተመለሰልኝ። ለሐሙሱ ስብሰባ ለተከሳሽ አንድ ወንበር እንደተዘጋጀ ሰምቻለሁ፤ ይህን እንድጽፍ የፋቁት ሾፌሮች ሁሉ ስለፈቀዱልኝ፣ እባክዎ ወንበር ያስጨምሩ።