ከቀብርህ የቀረው ሰው

ውድ ባለቤቴ፣ የልጆቼ አባት፣ አዳነዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ሦስተኛውም ደመናውን ከገደሉ ሥር እየሳበ መጥቷል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ አጥቼ አይደለም፤ የማፍርበት ነገር ስላለኝ ነው። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔው አፍ ብትሰማው ይሻላል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ትንሿ ልጃችን ጎንደር ሥራ ይዛለች። በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ስትደውል ቀድማ የምትጠይቀው ግን ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ድመቷ ነው። እኔ ጡረታ ወጣሁ። ጠመኔ የለመደ እጅ ቦዝኖ አይቀመጥምና ከበሩ ፊት ነጭ ሽንኩርት ተከልኩ። ካፖርትህን ለወንድምህ ሰጠሁት። ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፤ የደባርቅ ብርድ ስለማይምር ግን ይለብሰዋል። ከኋላው ሳየው እስከ ዛሬ ልቤ ይደነግጣል። እድሩም በአንተ ቦታ ሌላ ዳኛ መርጧል። እንዳንተ ቁጡ ስላልሆነ ሰው ሁሉ እያረፈደ ይመጣል።

አሁን ስለ ቀብርህ ቀን ልንገርህ። የደባርቅ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሳንቃ በር፣ ፓርኩ ጥበቃ ላይ አብረውህ የሠሩት ስካውቶች በጠዋት ወርደው መጡ። ታረቀኝ፣ ያ ከገበያው ጀርባ ሱቅ ያለው ልጅ፣ ሳጥንህን ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ተሸከመ። ዳገቱ ላይ ሌሎቹ ሲፈራረቁ እሱ አልቀየርም አለ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ እንባውም የእውነት ነበር። አርባህ እስኪወጣ ድረስ ሳይጠይቀኝ የዋለበት ቀን የለም።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ የእድሩ ጸሐፊ እንደ ወጉ ስም ጠራ። የተጠራው ሁሉ "አቤት" ይላል። የውሃ ቴክኒሻኑ የፈንታሁን ስም ሲጠራ ግን ዝም። ጸሐፊው ደገመው። አሁንም ዝም። ፈንታሁንን አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አንተም እንደ ልጅህ ታየው ነበር። በሠልስት ይመጣል ስል አልመጣም፣ በአርባም አልመጣም። መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ሌላ ቅያስ ይታጠፋል። ቂም ያዝኩበት።

ሙት ዓመትህ ሳይደርስ የቀበሌ ሊቀመንበር ምረጡ ተባልንና ሰፈሩ እነዚሁን ሁለቱን ጠቆመ። ፈንታሁን ተነስቶ ስለ ቧንቧና ስለ ፓምፕ አወራ። መናገር እንደማይሆንለት ታውቃለህ፤ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ተንተባትቦ ተቀመጠ። ታረቀኝ ደግሞ ገና ሳይናገር ግማሹን ሰው አስለቀሰ። በመጨረሻ አንዱ ከኋላ "እትዬ ዘነበች ይናገሩ፣ ሁለቱንም ያውቋቸዋል" አለ። ተነሳሁና "ለሞተ ያልደረሰ ለቆመ አይደርስም" አልኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ምርጫው እዚያው አለቀ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? እኔ ግን ያን ዕለት ትልቅ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር ቤቴ የገባሁት።

ታረቀኝ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። ጉቦ አይበላም። ለቅሶ ቢሆን፣ ክርስትና ቢሆን፣ የታመመ ቢኖር አይቀርም። ሥራውን ግን አያውቀውም። የሰፈራችን ውሃ ዘንድሮ ከጥምቀት በፊት ተቋረጠ። ፓምፑን ለማሠራት የሚያስፈልገው የእሱ ደብዳቤ ነበር፤ እሱ ኮሚቴ አቋቋመ። ያን ኮሚቴ የሚከታተል ሌላ ኮሚቴ ጨመረበት። ፋሲካ አለፈ። አንድ ቀን ቤቴ መጣና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "እትዬ፣ አይዞዎት፣ ሁሉም ያልፋል" አለኝ። ስለ ውሃው ሊያጽናናኝ መምጣቱ ነበር! እንደ ለቅሶ ቤት አንገታችንን ደፍተን ተቀመጥን። ሲሄድ ብቻዬን ሳቅሁ።

በሳምንቱ ጎረቤታችን እማሆይ ጀሪካን ይዘው ወደ ወንዙ ሲወርዱ ቁልቁለቱ ላይ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ዛሬም ከአልጋ አልተነሱም። ልጠይቃቸው ስሄድ "የእግዜር ቁጣ ነው ልጄ" ይሉኛል። እኔ ግን የማን አፍ እንደጣላቸው አውቃለሁ። ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።

ያን ሰሞን የአምባ ጊዮርጊስ መንገዳችን ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ትዝ ይልሃል? የዘር ገብስ ገዝተን ስንመለስ አንዱ ሾፌር "እናቴ" እያለ ዘንቢሌን ተቀብሎ ጋቢና አስቀመጠኝ። አንተ እጄን ይዘህ አወረድከኝ። ሌላው ሾፌር መኪናው ሥር ተኝቶ ብሎን ያጠብቃል፤ ሰላምታችንን እንኳ አልመለሰም። ከእሱ ጋር ነው የምንሄደው አልክ። ከኋላ ወንበር፣ በሁለት ጆንያ መሃል ተጣብቄ እስከ ዳባት አኮረፍኩህ። "ደግነቱን በሰላም ከወረድን በኋላ ያሳየን፤ እስከዚያ ፍሬኑ ይያዝልን" አልከኝ። ግትር ነበርክ፣ ደግሞም ልክ ነበርክ። ይህን በሕይወትህ ሳለህ አንድ ቀን እንኳ አላልኩህም።

በመጨረሻ ፈንታሁን መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ለምን ከቀብር እንደቀረ በቀጥታ ጠየቅሁት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "የላይኛው ሰፈር ዋና ቧንቧ ፈንድቶ ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ" አለ። ድንኳንህ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው እጁን የታጠበው በዚያው ቧንቧ ውሃ እንደነበር እሱ አልነገረኝም፤ ስመለስ መንገድ ላይ ራሴ ነኝ የገባኝ። ከዚያ በኋላስ ለምን አልመጣህም አልኩት። "አፈርኩ እትዬ። በቆየሁ ቁጥር ደጅዎ እየራቀኝ ሄደ" አለ። ይሄኛው ጥፋቱ ነው፤ አልሸፋፍንለትም። ፊቱ አይፈታም፣ ሰው ማናገርም አይችልበትም። ስለ ፓምፑ ግን ለቀበሌው ሦስት ጊዜ አመልክቶ መልስ አጥቷል።

ባለፈው እሑድ ታረቀኝን ለከተማው አስተዳደር ሊያጩት ነው ተብሎ ሕዝብ ተጠራ። አስተያየት ስጡ ሲባል ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንተን የተሸከመ ትከሻ ከፊቴ ተቀምጧል። ተነሳሁ። "ያኔ የተናገርኩት ስሕተት ነበር። በቂም ነው የተናገርኩት" አልኳቸው። "ታረቀኝ ደግ ሰው ነው። ባሌን ተሸክሞልኛል፤ ውለታው አለብኝ። ውለታው ግን የእኔ ነው እንጂ የእናንተ አይደለም። በእኔ ውለታ እናንተ ውሃ አትጡ።"

ማንም አላጨበጨበም። ታረቀኝ ተነሳና "ጋሼ አዳነን የተሸከምኩት ለወንበር ብዬ አልነበረም" አለ። አመንኩት። አሁንም አምነዋለሁ፤ የሚያመኝም እሱ ነው። ሳይሰናበተኝ ወጣ። እጩነቱ እንደገና ይታይ ተብሏል። በገበያ ውለታ ቢስ የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ። ፓምፑ ተሠርቶ እስካይ ድረስ እኔም ከቀበሌው ደጅ አልጠፋም።

ትናንት ከሰዓት ፈንታሁን ደጄን አንኳኳ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ መሬት መሬት እያየ፣ "እግዜር ያጽናናዎት" አለኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሬሳህ ገና የወጣ ይመስል አለቀስኩ። እሱም አልቅሼ እስክጨርስ አብሮኝ ተቀመጠ።

አዳነዬ፣ የእኔም ቀን ሩቅ አይደለም። እስከዚያች ቀን ድረስ ስምህን ሳላነሳ የምውልበት ቀን አይኖርም፤ ሙት ዓመትህንም አላስታጉልም። ታረቀኝ በዚያች ቀን ይሸከመኝ እንደሆን አላውቅም፤ ባይሸከመኝም አልፈርድበትም። ፈንታሁንን ግን ሲወጣ በር ላይ አስቁሜ አስምዬዋለሁ፦ የምቀበርበት ዕለት ውሃ ከተቋረጠ፣ እኔን ትቶ ሥራው ላይ እንዲውል።

ያንተው ዘነበች