ድምፄን መልሺልኝ

ሙዓይዘር፣ ዶሃ፣ ነሐሴ 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትሁት፤ እመቤቴ በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ማዳም መንታ ከወለደች ወዲህ ግን ሹግሉ፣ የቤቱ ሥራ፣ በዝቶብኛል።

ልጄ ለንደን የሥነ ልቦና ሐኪምና አስተማሪ ሆነች እያልኩ ያልኮራሁበት ቀን የለም። ዓርብ በዕረፍታችን ለጸሎት ስንሰበሰብ እንደ እኔ ሰው ቤት የምትሠራው ፋንቱ ጉድ ነገረችኝ። ማዳም የመታችኝ ለት እያለቀስኩ የቀዳሁልሽን ካሴት ለተማሪዎችሽ አሰምተሻል። እዚህ ሳለች እማማ የምትለኝ የፋንቱ እህት አንቺ ዘንድ ትማር የለ? ድምፄን ለይታ አልቅሳ ወጣች አሉ። ሙያዬን እያሳደግሁ ነው ስትይኝ በእኔ እንባ መሆኑን መች አወቅሁ?

ለዚህ ነው ዛሬ በወረቀት የጻፍኩልሽ። ዕውቀትሽን ይባርክልሽ፤ ካሴቱን ግን በሰው እጅ መልሺልኝ። የበሽተኞቼን ምስጢር ለእናቴም አልናገርም ብለሽኝ ነበር። ምነው ልጄ፣ በሽተኛሽ በሆንኩ!

እናትሽ አዳነች