ከአዳራሹ እስከ ጓሮው ስለተጓጓዘችው ጽዋ

ለተከበሩ አቶ አያልነህ፣
የ«ፍትሕና ፈውስ» የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ወረታ

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ዘንድሮው የፎገራ ሩዝ የተትረፈረፈ፣ እንቅልፍዎም ያልተረበሸ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የሸክላ ሠሪዋ የወይዘሮ ማናዬ ልጅ ፍሬህይወት ነኝ። ቅርጻ ቅርጽ ተምሬ ከዩኒቨርሲቲ በማዕረግ ተመርቄአለሁ፤ ይህን የምጠቅሰው ለመኩራራት ሳይሆን፣ ደብዳቤውን ማን ጻፈላት ብለው እንዳይጨነቁ ነው።

ባለፈው ሳምንት በላኩልን ደብዳቤ፣ «በማጓጓዝ ላይ ለተሰበረችው» የሸክላ ጽዋ እናቴ ምትክ ሠርታ፣ የባሕር ዳር እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት እንድታደርስ አዝዘዋል። ስላስታወሱን እናመሰግናለን። ይሁንና ጽዋዋ የተጓጓዘችው ከአዳራሹ ጠረጴዛ እስከ አዳራሹ ጓሮ ብቻ ስለሆነ፣ በዚህች አጭር መንገድ የደረሰባትን አደጋ በዚህ ግልጽ ደብዳቤ ለሕዝብ ማስረዳት ግዴታዬ መስሎ ታየኝ።

፩ኛ. ያቀረብነው ሥራ አሥራ ሁለት ጽዋዎች የተደረደሩበት ገበታ ሲሆን፣ ርእሱ «አብረን እንጠጣ» ነበር። ሐሳቡ የእኔ፣ እጁ የእናቴ ነው። እርስዎ ግን «የአካባቢው ባህላዊ ቅርስ፤ ሠሪው ያልታወቀ» የሚል ወረቀት አስለጠፉበት። ያልታወቀችው ሠሪ ነጠላዋን አጣፍታ ከወረቀቱ ሥር ቆማ ስለነበር፣ እንግዶች እንዲያነቡት ትንሽ ፈቀቅ እንድትል በትሕትና መጠየቅዎን አልረሳሁም።

፪ኛ. የቴሌቪዥን ካሜራ ሲመጣ ከጽዋዎቹ አንዷን አንሥተው፣ ጠላ በገዛ እጅዎ ቀድተው ለእናቴ ሰጧት። ስለ መገለል፣ ስለ ቁስልና ስለ ፈውስ ያደረጉት ንግግር እጅግ ልብ የሚነካ ነበር፤ ከአንበሳሜ የመጡ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። ካሜራው እንደወጣ ግን የመስተንግዶ ኃላፊዋ ወይዘሮ አምሳል ጽዋዋን በሶፍት ጠቅልለው አነሷት፤ ቡዳ የጠጣበት ከእንግዳ ዕቃ እንዳይቀላቀል ብለውም ጓሮ ወስደው ሰበሯት። እርስዎም በመስኮት ይመለከቱ ነበር። ልማዱን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ፤ በእኛ ዘንድ ሸክላ ሠሪ የጠጣበት ዕቃ ይሰበራል፣ ሸክላ ሠሪ የሠራው ዕቃ ግን በዋጋ ክርክር ይገዛል። ኮሚቴዎ ይህን ጥንታዊ ልማድ ሲጠብቅ፣ ልማዱ ይቅር ተብሎ የተሠራውን ሥራ መስበሩን ልብ ያለው አይመስለኝም። ከተዘጋጁት ትርኢቶች ሁሉ መልእክቱን በግልጽ ያስተላለፈው ይኸው ነበርና ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፫ኛም ነበረኝ፤ ሁለተኛው ገና ስላልወጣልኝ ትቼዋለሁ።

እናቴ ስባሪውን ለቅማ ስታበቃ፣ መናደዴን አየችና፦ «ተይ ልጄ፤ ከንፈሯ ጠመም ብላብኝ ነበር። ባሕር ዳሮቹ ሳያዩብኝ እንኳን ሄደች» አለችኝ። ሳቅሁላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ጭቃ አልነካችም። የርብ ወንዝ ጎድሏል፤ ጭቃ የሚወጣበት ጊዜ ነው፤ መቆፈሪያዋ ከበሩ ጀርባ እንደተደገፈ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ስድብ ያላስቆመውን እጅ በአንድ ከሰዓት ማስቆም ቀላል ሥራ አይደለምና ኮሚቴዎ በዚህም ሊመሰገን ይገባል።

ስለዚህ ምትኩን አንልክም። ሥራው እንደ ጎደለ፣ አሥራ አንድ ሆኖ ይታይ። ከግድግዳው ላይ «ሠሪ፦ ወይዘሮ ማናዬ» ተብሎ ይጻፍ፤ እርስዎም በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ በዚያው ልብ በሚነካ ድምፅዎ፣ አሥራ ሁለተኛዋ እንዴት እንደተሰበረች ለእንግዶቹ ይንገሯቸው። ይህ ከከበደዎ እስከ ዓርብ አሥራ አንዱን ይመልሱልን። ራሴ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ፤ በፊት ለፊቱ በር።

ፍትሕዎ ያሳመማት፣ ፈውስዎም ሊገድላት ጥቂት የቀረው አክባሪዎ፣
ፍሬህይወት፣ የማናዬ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ በቀሩት ጽዋዎች ለባሕር ዳር እንግዶች ጠላ ለማቅረብ ማሰብዎን ሰምቻለሁ። እናቴ የሠራችው ዕቃ እንዳያፈስ ለማረጋገጥ፣ ከእጇ ከመውጣቱ በፊት ውሃ ሞልታ ትጠጣበታለች። በአሥራ አንዱም ጠጥታለች። ባለቤትዎ አምና ከይፋግ ገበያ በገዟት የቤትዎ የውሃ ማሰሮ ደግሞ ደጋግማ ነው የጠጣችባት፤ የዚያን ዕለት ፀሐዩ ከባድ ነበር።