የጎማው ካብ

ማርች 11። የጎደሬ ጉድጓዳችን ጨው ገባበት።

ወንድሜ ቶአኒካይ፣ ይህን ያስቀደምኩት ሰላምታ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ከሰላምታው በኋላ ለመጻፍ አቅም አይኖረኝም ብዬ ነው። እንዴት ነህ? ያ ወገብህ ተሻለህ? አሁንም በሰው አገር ወይን ስትቆርጡ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላችሁ ነው የምትውሉት? ባለቤትህስ ቴሬዋ ደህና ናት? ትንሿ ልጃችሁ ባቲሪ ዳዴ ጀመረች ወይስ ገና ናት? እኛ በሕይወት አለን። አባባ ይበላሉ፤ የሚበሉት ግን እኔ ስለማያቸው ነው።

ካቡን ታስታውሰዋለህ። አንተና አባባ ያለቁ ጎማዎችን ከአየር ማረፊያው መንገድ እያንከባለላችሁ አምጥታችሁ፣ ጠጠር እየሞላችሁ የደረደራችሁትን። ባሕሩን ከባባይ ጎደሬያችን ያራቀው እሱ ነበር። ጠጠሩ ግን እያደር ሰረገና የላይኞቹ ጎማዎች የዝናብ ውሃ ያቁሩ ጀመር። ትንኝ ተፈለፈለባቸው። የሌላውም ሰው ጎማ እንደዚያው ነው። በገና ሰሞን የጎረቤታችን የባልቴቷ የኔይ ተኮሪ የልጅ ልጅ በደንጊ ትኩሳት መሞቷን ጽፌልህ ነበር።

ከለቅሶው በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ሰው ላከና በማኔአባው የመሰብሰቢያ ጣራ ሥር ተሰበሰብን። ጎማ ሁሉ ይነሳ፣ መርከብ ወደ ውጭ አገር ይወስደዋል፣ እዚያ ፈጭተው መንገድ ይሠሩበታል አለን። ግማሹ ሰው የአሳማ በረት፣ ግማሹ ካብ አድርጎታልና እሺ የሚል ጠፋ። ከኋላ አንዱ «መንገዱ ሲያልቅ እኛም በእሱው እንሄዳለን እንዴ?» ብሎ አሳቀን። አባባ አልሳቁም። ኔይ ተኮሪን አዩና ብድግ ብለው «ከእኔ ጀምሩ» አሉ። ሰውየው በካቡ ፋንታ ድንጋይ እናመጣላችኋለን ብሎ ነበር። እስካሁን አንድ ድንጋይ አላየንም።

ቀጥሎ መርከቡ አፈር የነካው ጎማ አይጭንም ተባለ። በታንከሩ የዝናብ ውሃ አጠብናቸው፤ ልብሳችንን በባሕር ውሃ እያጠብን። ኔይ ተኮሪ ከማንም በላይ ይፈትጉ ነበር። በጭነት መኪና ወደብ የተወሰዱት ጎማዎች መርከብ ሲጠብቁ ዝናብ ዘነበባቸው። መርከቡ ሲመጣ ተቆጣጣሪው አንዱን ጎማ ዘንበል አድርጎ አየ፣ ውሃው ውስጥ የትንኝ ዕጭ አገኘ፣ ሁሉንም አልጭንም አለ። የጭነት መኪናዎቹ መልሰው አመጡና ድልድዩ አጠገብ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ዘረገፏቸው። የመንግሥት ንብረት ነው፣ እንዳትነኩ ተባልን።

ባለፈው ሳምንት ጨረቃዋ ሞላች፣ ነፋሱም ከምዕራብ ነበር። ባሕሩ ካቡ በነበረበት በኩል ገባ። አባባ ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው በቆርቆሮ ሲቀዱ ዋሉ፤ የቀዱት ቦታ ወዲያው ይሞላል። «አባባ፣ ይውጡ» ስላቸው «ባሕሩን ውጣ በይው እንጂ እኔን ምን ታደርጊኛለሽ» አሉኝ። አንተ ስትሄድ የተከሉት፣ በኦገስት ስትመጡ ለባቲሪ የመጀመሪያ ዓመት ድግስ ይነቀላል ያሉት ጎደሬ የቅጠሎቹ ዳር ቢጫ ሆኗል። መሐሉ ግን ገና አረንጓዴ ነው። ዝናብ ካጠበው፣ ቀጣዩም ሙላት ካልገባ ይተርፋል ይላሉ። ጎደሬው ከሄደ እሳቸውም የሚቆዩ አይመስለኝም።

ዛሬ ጠዋት «ሂጂና ጎማችንን ለምኚ፤ ለታችኛው ረድፍ ከበቃ ይበቃኛል» ብለው ላኩኝ። የእጅ ጋሪውን ይዘው ድልድዩ ላይ እየጠበቁኝ ነው። የምጽፍልህ ከማዘጋጃ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ጸሐፊው ስነግረው ሳቀብኝ። «ትናንት ውሰዱልን፣ ዛሬ መልሱልን! ጎማ ነው ወይስ የፈታችሁት ባል?» አለ። ቆይ አለቃዬን ልጠይቅልሽ ብሎ ገባ።

ይህን ስጽፍ ኔይ ተኮሪ መጡ። የቀራቸውን የልጅ ልጅ አዝለዋል። ልጁ የሚማረው ከጎማው ክምር ሥር ነው። ከክሊኒክ መምጣታቸው ነው፤ እጁን ነካሁት፣ ያቃጥላል። ክምሩ ዛሬውኑ ካልተነሳ፣ አንዲትም ጎማ በመንደራችን ከቀረች እዚሁ አድራለሁ አሉ። ፈቀቅ አልኩላቸውና ተቀመጡ። «አንቺስ ልጄ፣ ምን አመጣሽ?» አሉኝ። ወረቀቱን አሳየኋቸው። ለቶአኒካይ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው አልኩ። «ሰላም በይልኝ» አሉ። ሰላም ብለውሃል።

አባባም ሰላም ብለውሃል። ቴሬዋን ሰላም በልልኝ፣ እናቷ ደህና ናቸው። ባቲሪን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። እናንተ ጋ የሚያድረውን የአባይያንግ ደሴት ልጅ፣ አክስቱ ጠይቃዋለች በለው።

ጸሐፊው ከውስጥ ስሜን እየጠራ ነው። «ሮቲያ! እሺ ብለዋል፣ ነይ ፈርሚ!» ይላል። ለምኑ እንደሆነ ገና አልተናገረም። ድልድዩ ላይ ለአባባ ምን እንደምል አላውቅም። ኔይ ተኮሪ ለጎማው መምጣቴን ሳይሰሙ፣ ሳልፈርም ልውጣ።

እህትህ ሮቲያ
ቡኦታ፣ ታራዋ