ጭስ የሌለው እሳት

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጥቅምት 9

ይድረስ ለልጄ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እንዳለን አለን። ሚጢጢ አሁን ሚጢጢ አይደለችም፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ትከሻዬ ደርሳለች፣ የላክህላት ጫማ ሁለት ወር ሳይሞላው ጠበባት። እኔም መስፊያዬን እየረገጥኩ አለሁ። የአባባን ጉዳይ እደርስበታለሁ።

ስልኩን ትቼ ብዕር ያነሳሁት፣ በስልክ ስንነጋገር ከሦስተኛው ቃል ሳንዘል ስለምንጣላ ነው። ወረቀት ቢያንስ መሃል ላይ አያቋርጠኝም። አንተም መጀመሪያውን አይተህ እንዳትቀደው። መጀመሪያው ላይ ክፉ ነኝ፤ ነገሩን እንደ አመጣጡ ልነግርህ ስለፈለግኩ ነው።

የተጀመረው አባትህ ቁልፍ የገዙ ቀን ነው። ከጓሮ ያለው የድሮ የብረት መሥሪያ ቤትህ አንተ ከሄድክ ወዲህ ክፍት ነበር፤ እኔ ቁርጥራጭ ጨርቄን አስቀምጥበታለሁ። ከሁለት ወር በፊት አንድ ሰኞ ገበር ላወጣ ብሄድ በሩ ላይ ጡጫ የሚያህል ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

“አባባ፣ ምን ተገኘና ተቆለፈ?” አልኳቸው።

“አይጥ ገብቷል” አሉኝ።

“አይጥ በበር ነው እንዴ የሚገባው?”

ጋዜጣቸውን ገለጡ። ጋዜጣው ያለፈው ሳምንት ነበር።

አሁን “ጀመረች” እንደምትል አውቃለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ስልህ “የጠረጠረችም ተመነጠረች” ብለህ የሄድክ ሰው ነህ። ግን ፍረደኝ። በዚያው ሳምንት የወጥ ቤቱ መጠባበቂያ የጋዝ ሲሊንደር ጠፋ። “አበደርኩት” አሉ። ለማን ስላቸው “ለሰው” አሉ። ቀጥሎ ሹራባቸው ላይ ነጭ ብናኝ አየሁ፤ ጥጥ ይመስላል፣ ጥጥ ግን አይደለም፤ በጣቴ ብነካው ቀኑን ሙሉ አሳከከኝ። ከዚያ ወዲህ ሹራቡን ከበር ውጪ እያወለቁ፣ ለብቻ እያጠቡ፣ ሚጢጢን “ወደዚህ አትምጪ” ማለት አመጡ። የልጅ ልጃቸውን ከጉልበታቸው ሲያባርሩ አይቼ አላውቅም። አንዴ ሕመም ደብቀውኛል አልኩ፣ አንዴ የሰው ዕቃ እያስቀመጡ ነው አልኩ። ሐሳቤ ማደሪያ አጣ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ኮታቸው ሥር የሆነ ነገር ሸጉጠው ሲወጡ ተከተልኳቸው። ሁለት ጊዜ ዞር ብለው አዩ፤ ሁለቴም ግድግዳ ሆንኩ። ሦስተኛው መንገድ ላይ ሲታጠፉ ልቤ ቀድሞ አወቀው። ብረት በያጇ ሴትዮ ሱቅ ገቡ።

ያ በር ለኔ ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ከአራት ዓመት በፊት ከሥራ በኋላ እየጠፋህ ስታስቸግረኝ፣ ትይዩ ካለው ጫማ ጠጋኝ አጠገብ ቆሜ፣ ኮትህ ከውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ያየሁት እዚያ ነው። በበነጋው የተባባልነውን ሁለታችንም አንረሳውም። አሁን ደግሞ አባትየው። አባትና ልጅ አንድ በር ላይ ምን አላቸው እያልኩ ስንገበገብ ቤቴ ገባሁ። መርፌውን ጣቴ ላይ ሰካሁት፤ በሃያ ዓመት ሥራዬ ያልሆነ ነገር ነው።

በሦስተኛው ቀን የኮታቸውን ኪስ ልጠግን ስገለብጠው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። በእርሳስ የተሠራ ንድፍ ነው፤ ሆዱ ክፍት የሆነ በርሜል፣ ከላይ የሚገባ ቱቦ፣ ቀስቶች፣ “ጋዝ በዚህ”፣ “አየር በዚህ”። ሰባት ቁጥሯ ወገቧ ላይ ተሰርዛለች። እንዲያ አድርጎ ሰባት የሚጽፍ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

እንግዲህ ምን እንዳሰብኩ አልደብቅህም። ከኔ ጀርባ ትጻጻፋላችሁ። ያንን ልጄን በከሰል ጭስ ሲያንቃት የኖረ ምድጃ፣ አሁን ደግሞ በጋዝ አድርጋችሁ፣ እኔን ሳትጠይቁ ቤቴ ልትመልሱብኝ ነው። በያጇ መሃል ላይ አለች። እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው።

ምሳ ላይ ወረቀቱን ሳህናቸው አጠገብ አስቀመጥኩት።

“ልጅዎ መቼ ነው ይሄን የላከልዎ?”

አባባ አላፈሩም፣ አልተቆጡም። ማንኪያቸውን አስቀመጡና “ገልብጪው” አሉኝ።

ገለበጥኩት። ጀርባው የኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። ደረት ዘጠና፣ ወገብ ስድሳ ስምንት፣ ቁመት እስከ መሬት። ከልኬት ደብተሬ የተቀደደ ገጽ። የማዶዋ ጎረቤታችን የሠርግ ቀሚስ ነው፤ ያኔ ያቺ ልጅ እጮኛ ነበረች፣ ዛሬ የሦስት ዓመት ወንድ ልጇ አጥራችን ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ንድፉ የተሣለው አንተ ከመሄድህ በፊት ነው።

“ከትቶት ሄዶ፣ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር አገኘሁት” አሉ አባባ። “ሌላውን እኔን አትጠይቂኝ። እኔ አማት ነኝ። ሂጂና በያጇን ጠይቂያት።”

ሄድኩ። እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም። በያጇ የፊት መከለያዋን ወደ ግንባሯ ገፍታ አየችኝ፤ የያዘችውን መበየጃ ግን አላስቀመጠችም።

“ዛሬ እንኳን ውስጥ ገባሽ” አለችኝ።

“ባሌ እዚህ ምን ይሠራ ነበር?”

ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ የዛገ ክምር ስትጎረጉር ቆይታ ሁለት ቱቦዎች አወጣች። ጫፋቸው እንደ መለከት ሰፋ ያለ፣ ጎናቸው ላይ ቀዳዳ ያላቸው።

“ይሄን” አለች። “ይሄኛው እሳቱን ወደ ውስጥ ዋጠው። ይሄኛው ነበልባሉን ተፋው፣ ቅንድቤን አጣሁ። ሦስተኛው ላይ እያለን ነው አንቺ ማዶ መቆም የጀመርሽው። ‘ከሰሉን ትቼ በጋዝ ካደረግኩት ጭስ አይኖርም፣ ልጄም ትተነፍሳለች’ ይል ነበር።”

“ለምን አልነገረኝም?”

“ጠየቅኩት። ‘የጭስ ማውጫውን ስሠራ ስቃብኛለች፣ ይሄ ሳይነድ አልነግራትም’ አለኝ።”

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ያቺ የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ። ጭሱን ወደ ውጪ ማውጣት ትታ ሁሉንም ወደ መኝታ ቤት ስትመልሰው፣ ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት “ባሌ ጭስ ማስገቢያ ፈለሰፈ” አልኩ። ሁሉም ሳቀ። አንተም ሳቅክ። የሳቅክ መስሎኝ ነበር።

“አንቺስ?” አልኳት። “አራት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?”

መከለያዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። “አራት ዓመት ሙሉ ሰላም ስልሽ ፊትሽን ታዞሪያለሽ። ባሌን የቀበርኩ ሴት ነኝ። በየሰዉ በር እየዞርኩ ንጹሕ ነኝ እያልኩ ልማል?”

ወንበር ነገር ስባ አቀረበችልኝና ተቀመጥኩ። ደንበኛ መጣ፣ የበር ማጠፊያ አስበይዶ ሄደ፤ እኔ እዚያው ነበርኩ።

ቤት ስመለስ አባባን “ቁልፉን ይስጡኝ” አልኳቸው። ሰጡኝ።

ምድጃው መሃል ላይ ተቀምጧል። ሆዱ የድሮ ባዶ ሲሊንደር ነው። በያጇ ውሃ ሞልታ፣ ውስጡ የቀረ ጋዝ እንዳይኖር አድርጋ ነው የቆረጠችው። ያ የሚያሳክከው ነጭ ነገር ውስጡን የሚያለብሱበት፣ እሳት የሚችል ሱፍ ነው፤ ብናኙ ሳንባ ስለሚጎዳ ነው ልጅቷን ያባረሯት። አሁን ላዩ እሳት በማይበግረው ጭቃ ተለስኗል፣ አይበንም። በጣቴ ፈትጌ አረጋገጥኩ። ሦስተኛው ቱቦህ ከላይ ተሰክቷል፤ አባባና በያጇ አፉን አጥብበው፣ ከአንተ የቀረውን ጨርሰውታል።

“ዛሬ ይነዳል” አሉ አባባ፤ ዓይናቸው የልጅ ዓይን መሰለ።

“እዚህ ውስጥ አይነድም” አልኳቸው። “ጭስ ባይኖረውም የማይታይ መርዝ አለው። ባይሆን ከጣሪያው ሥር፣ ግድግዳ የሌለው ጋ።” በያጇን አስጠራን፣ ተሸክመን አወጣነው። ከዚያ የጋዙ ጎማ ከየት እንደተገዛ፣ መቆጣጠሪያው አዲስ ይሁን አሮጌ፣ እያንዳንዷን መጋጠሚያ ማን እንዳጠበቃት ጠየቅኩ። “ሁሉንም እኔ ነኝ ያጠበቅኩት፣ አትጨነቂ” አሉኝ። አትጨነቂ ሲሉኝ ይብስብኛል። ሳሙና በጥብጬ፣ በሚጢጢ የቀለም ብሩሽ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ቀባሁ። ከወጥ ቤት የጠፋውን ሲሊንደር ከፍተን ጋዙን ለቀቅን። አንደኛው ዝም። ሁለተኛው ዝም። ሦስተኛው ላይ አረፋው እንደ እንቁራሪት ዓይን አበጠ፣ ፈነዳ፣ ደግሞ አበጠ።

በያጇ ሄዳ ጋዙን ዘጋችው።

“በእጄ ነው ያጠበቅኩት” አሉ አባባ ቀስ ብለው። እጃቸውን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ለካ ወር ሙሉ ከኪሳቸው የማይወጣው ለዚህ ነው። የማጥበቂያው ቁልፍ ጣቶቻቸው መሃል ይንቀጠቀጣል፣ የቀኙ ይብሳል። ዓይኔን አይተው ኪሳቸው ከተቱት።

“መጠርጠርሽ ለዚህ ኖሯል የተፈጠረው” አሉኝ። “ለቱቦ እንጂ ለሰው አልነበረም።”

ሌላ ሰው ቢለኝ እጣላው ነበር።

በያጇ አጠበቀችው፣ እንደገና ቀባሁ፣ አረፋ የለም። ተለኮሰ። መጀመሪያ ሳል ነገር አለ፣ ከዚያ እንደ ንፋስ ያጉረመርም ጀመር። ሆዱ ቀላ፣ ብርቱካን ሆነ። ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ፤ አንድ ክር ጭስ የለም። ሚጢጢ ከወጥ ቤት በር ላይ ቆማ፣ “ልምጣ?” አለች። እሳት ካለበት አርባ እርምጃ ርቃ ያደገች ልጅ ናት። ከነፋሱ በኩል አቆምኳትና ትንፋሿን መቁጠር ያዝኩ።

“እማዬ፣ አትቁጠሪኝ” አለችኝ። “ደህና ነኝ።”

ደህና ነበረች።

አባባ አንድ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ብረት ቁራጭ ከተቱ። ቢጫ ሲሆን በግራ እጃቸው በጉጠት አውጥተው መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አኖሩት፣ በቀኛቸው መዶሻውን አነሱ። ትከሻቸው ያውቀዋል፤ ክንዳቸው ያውቀዋል፤ ግን መዶሻው ከብረቱ ጎን ወረደ። እንደገና አነሱ። እንደገና ጎን። ብረቱ እየጠቆረ ሄደ። ሦስተኛ አላነሱም። ጋዙን ራሳቸው ዘጉና “ነደደ አይደል? ይበቃል” አሉ።

በበነጋው “ስለ እጄ እንዳትጽፊለት” አሉኝ። ጻፍኩልህ። ሐኪም ጋ ወስጄያቸዋለሁ፤ መድኃኒት ጀምረዋል፣ መንቀጥቀጡን ያስታግሳል እንጂ አያጠፋውም ተብሏል። “ንድፉን ሳገኝ፣ ምድጃው ከነደደ ይመጣል ብዬ ነው” አሉኝ። አንተ ምንም እንደማታውቅ ማሉልኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ መሐላቸውንም ግማሹን ነው ያመንኩት። በዚህ ዕድሜዬ በአንድ ቀን አልለወጥም።

አሁን የኔን ልጨምር። አንተን ባልሠራኸው ከስሼሃለሁ። ይህን በሰው ፊት ያደረግኩትን ያህል በሰው ፊት ለመመለስ፣ ለበያጇ በሱቋ ውስጥ፣ ደንበኞች ባሉበት ጥፋቴን ተናግሬያለሁ። ለአንተ ግን ቃሉ በወረቀት አልወጣ ብሎኛል፤ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ። ደግሞ ጥፋቱ ሁሉ የኔ እንዳይመስልህ። “ምድጃ እየሠራሁልሽ ነው” ማለት ሦስት ቃል ነው። ሦስት ቃል ከማውጣት ሻንጣ ማውጣት ቀለለህ። ስቄብህ ከሆነ፣ ቁስሉን ብታሳየኝ ኖሮ ያን ቀን እዚያው እበላው ነበር ሳቄን።

ጨርቄን ከመሥሪያ ቤቱ አውጥቻለሁ። መደርደሪያውን ጠርጌያለሁ። ና አላልኩህም። ሥራህ፣ የምትሠራባቸው መርከቦች፣ የዘረጋኸው ሁሉ እዚያው እንዳለ አውቃለሁ፤ ምናልባትም የማላውቀው ሌላ ነገር አለህ፣ ይህን አልጠይቅህም። መጻፍ ያለብኝ ያየሁትን ብቻ ነው። አባባ በየቅዳሜው ምድጃውን ያወጣሉ። እኔ በሳሙና እፈትሻለሁ፣ እሳቸው ይለኩሳሉ። ብረቱ ይቀላል፣ ብርቱካን ይሆናል፣ ቢጫ ይሆናል። ቆመን እናየዋለን። ከዚያ መልሶ ይጠቁራል፤ የሚመታው የለም።

አባትህ “መንገድህን ያቅናልህ፣ ዓይንህን ከብልጭታ፣ እጅህን ከድካም ይጠብቅልህ” ብለውሃል። ሚጢጢ የእግሯን ልክ በወረቀት ከርክማ ከዚህ ጋር አድርጋለች፤ በሚቀጥለው ጫማ እንዳትሳሳት። እኔም በሰላም ዋል፣ በሰላም እደር እላለሁ።

ሚስትህ