እትዬ እጅ ወደ ላይ

በአካባቢው ሁሉ «እትዬ እጅ ወደ ላይ» በሚል ስም የሚታወቁት አክስታችን፣ ከአናጺው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1939 ዓ.ም. ከወንዙ ማዶ ባለችው ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። እንደተወለዱ አላለቀሱም፤ ቤተሰቡ ክፉኛ ደንግጦ ነበር። አዋላጇ ወጥታ እጇን በሳሙና ታጥባ ስትመለስ ግን ጣሪያው እስኪነቃነቅ ጮኹ። አዋላጇ ዛሬ በሕይወት ስለሌለች የሚያስተባብለን የለም።

ትምህርት ቤት የገቡት በስምንት ዓመታቸው ነው። መንገዱ በእግር አንድ ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ በክረምት ሁለት፤ በቤተሰባችን ወሬ ደግሞ ግማሽ ቀን። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ በጤና ረዳትነት ሠልጥነው በ1957 ዓ.ም. ከክፍላቸው አንደኛ ወጡ። በክፍሉ ስንት ተማሪ ነበር ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

በ1958 ዓ.ም. ወደ ትውልድ መንደራቸው ተመልሰው ሥራ ጀመሩ። ጤና ጣቢያው ሁለት ክፍል ብቻ ነበረው፤ አንዱ ለሕሙማን፣ ሌላው ለመድኃኒቱና ለእሳቸው አልጋ። ደጃፉ ላይ በሚስማር የተበሳ ጀሪካን ቆሞ፣ ሳሙናው በሲባጎ ይንጠለጠላል። አክስታችን ግን ሕመምተኛ እስኪመጣ የሚጠብቁ ሰው አልነበሩም። ገና በማለዳ ቤት ለቤት ይዞራሉ። «የምትጠጡት ውኃ ፈልቷል? የመጸዳጃው ጉድጓድ ተከድኗል? ከብቶቹ ለብቻቸው ነው ያደሩት?» ይላሉ። በመጨረሻም «እጅ ወደ ላይ!» ሲሉ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም መዳፉን ገልብጦ ያሳያል፤ እሳቸውም ጥፍር በጥፍር ይመረምራሉ። አንድ ጊዜ ጨርቅ ነጋዴ ከኋላቸው ተከትሎ ወደ መንደሩ ሲገባ፣ መንገደኛው ሁሉ እጁን ሰቅሎ ቢያይ ሽፍታ የመጣ መስሎት እሱም ጥቅልሉን ጥሎ እጁን ሰቀለ። «ያለኝን ሁሉ ውሰዱ፣ ነፍሴን ብቻ ተዉልኝ!» ቢላቸው፣ ጠጋ ብለው አይተው «ነፍስህንም ጨርቅህንም ያዝ፤ ጥፍርህን ግን ዛሬውኑ ቁረጥ» አሉት።

በዚያ ዘመን በዙሪያው ልጆች በተቅማጥ ሲረግፉ፣ በእኛ መንደር በዚህ በሽታ አንድም ልጅ አልተቀበረም። ይህ ማጋነን አይደለም፤ ልናጋንን ፈልገን እንኳ ከዚህ በላይ የሚባል አጣን።

በ1963 ዓ.ም. ወፍጮ ቤት ይሠሩ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። የባለቤታቸው እጅ ዘወትር በዱቄት የነጣ ስለነበር፣ መታጠቡን ለማወቅ ለአክስታችን እንኳ ከባድ ነበር። «ያቺን ሴት ያታለልኩ እኔ ብቻ ነኝ» እያሉ ይስቁ ነበር። ልጅ አልወለዱም። ዘጠኝ ዓመት አብረው ከኖሩ በኋላ ባለቤታቸው በድንገተኛ ሕመም ዐረፉ። አክስታችን የእሳቸውን ኩባያ ከራሳቸው ኩባያ ጎን፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተዉት። እንግዳ ሲመጣ ይጠጣበታል ብለው ነው።

በ1994 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ። ጤና ጣቢያው ወደ ዋናው መንገድ ተዛወረ፤ ወጣት ሠራተኞችም መጡ። መንደሩ ግን እጅ ማንሳቱን አልተወም። ይኸው ሰላምታ ሆኖ ቀረ። ሰው ከመንገዱ ማዶ ሁለት እጁን አንስቶ ያሳያቸዋል፣ ያልፋል። ካሳየ በኋላ ቀርቦ የሚጨብጥ አልነበረም። ቤታቸው መግባትማ ማን ደፍሮ! ጥፍሬን ያዩብኛል፣ ተረከዜን ያዩብኛል እያለ ሁሉም ይሸሻል።

በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ «ቤታቸው ከእንግዳ ተለይቶ የማያውቅ» ብለን አስፍረን ነበር። ፊት ለፊታቸው የሚሠራው ብስክሌት ጠጋኝ ሲነበብ ሰምቶ «እሱን እንኳ ሰርዙት» አለን። እሱ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በዚያ በር የገባ ሰው አላየም። በመስኮቱ የሚያየው አንድ ነገር ነበር። አክስታችን በየጠዋቱ ውኃ አፍልተው፣ ከድነው ካስቀመጡ በኋላ ሁለቱንም ኩባያ ያጥባሉ። ማንም ያልጠጣበትንም ኩባያ ደግመው ያጥቡታል። እሱም ቢሆን ሲያዩት የሰንሰለት ግራሶ የጠጣ እጁን ከኋላው ይደብቅ ነበር እንጂ ገብቶ አያውቅም።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ልባቸው ደከመ። ሁለት ጠዋት ከቤት አልወጡም። መንገደኛው ግን በለመደው መሠረት ወደ ተዘጋው በር እጁን እያነሳ ያልፍ ነበር። በሦስተኛው ቀን ብስክሌት ጠጋኙ አንኳኩቶ በሩን ገፋ አደረገና ደፉ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ እዚሁ ልሁን፤ ይሄ ግራሶ በምንም አይለቅም» አለ።

ከአልጋቸው ሆነው «እጅ ወደ ላይ!» አሉት።

አነሳ። ዐሥሩም ጣቱ ጥቁር ነበር። ረዘም ላለ ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ «አቅርበው እስቲ፤ ከዚያ አይታየኝም» አሉት። ሲቀርብ ያዙት፤ አልለቀቁትም። ቆይተውም «ውኃ ጠጣ ልጄ፤ ከትናንት ወዲያ የፈላ ነው፤ ክዳን አለው» ብለው የባለቤታቸውን ኩባያ በዓይናቸው ጠቆሙት።

ከዚያ በኋላ ብስክሌት ጠጋኙ በየጠዋቱ ሥራ ሳይጀምር እየገባ ውኃ አፈላላቸው፤ አብሯቸውም ጠጣ። ሲገባም ሲወጣም ይጨብጡት ነበር። አክስታችን ጥቅምት 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ጠዋት፣ እጃቸው በእጁ ውስጥ እንዳለ፣ በሰባ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። በቀኝ መዳፋቸው ላይ የእሱ ጣቶች ግራሶ ታትሞ ቀርቷል። ልናጥብላቸው ውኃ አሙቀን፣ ሳሙና አቅርበን ነበር፤ እርስ በርስ ተያየንና ተውነው።

አክስታችን አንድ ወንድም፣ ስድስት የወንድም ልጆችና አንድ ጎረቤት ትተው አልፈዋል። ዛሬ አስከሬናቸው በመንደሩ ሲያልፍ እጃችን ከልማድ ብዛት መነሣቱ አይቀርም። ሳሙናው የእሳቸው ትምህርት ነውና መዳፋችን ይነጻል፤ ብቻቸውን ከተቀመጡበት ሃያ ዓመት ግን እጃችን ንጹህ ነው ለማለት አንደፍርም።

ነፍሳቸውን የሚቀበል ከሩቅ ሆኖ እጁን አያንሣ፤ ቀርቦ ይጨብጣቸው።